መንትያ የኤክስሬይ ፎቶኖችን ማመንጨትና መለየት

አንድ የኤክስሬይ ፎቶን በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ ለሁለት ይከፈላል። መንትዮቹ የሚወለዱት በአንድ ቅጽበት ነው፤ የኢነርጂያቸው ድምርም ከወላጁ ፎቶን ኢነርጂ ጋር እኩል ነው። ክስተቱን ፍሮይንድና ሌቪን በ1969 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ ተነበዩት፤ አይዘንበርገርና ማክኮል ደግሞ በ1971 በሙከራ አሳዩት። ከመንትዮቹ ምስል ለማግኘት ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ወስዷል።

በሚታይ ብርሃን ሙከራዎች ሞመንተምን ለማስማማት ብዙውን ጊዜ የክሪስታሉ ድርብ ስብራት ይበቃል። ለኤክስሬይ የማንኛውም ቁስ የስብራት ልክ ከ1 እምብዛም ስለማይርቅ ይህ መንገድ ዝግ ነው። በአልማዝ ክሪስታል ውስጥ የጎደለውን ሞመንተም የሚሞላው የአቶሞቹ ድርድር ነው፤ ክሪስታሉም ከብራግ ማዕዘን በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል።

ከባዱ ሥራ መለየቱ ነው። ወላጁ ፎቶን 20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ቢኖረው፣ መንትዮቹ ለምሳሌ 12 እና 8 ይካፈላሉ። በኮምፕተን ሂደት በ90 ዲግሪ የተበተነ ፎቶን 19.25 ገደማ ስለሚይዝ በኢነርጂው ይለያል፤ ሆኖም ዲቴክተሩ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ካልሰበሰበ ዝቅ ያለ ኢነርጂ ይመዘግብና ያደናግራል። ሁለት ዲቴክተሮች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 1000 ፎቶን ቢቆጥሩና የጊዜ መስኮቱ 1 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን፣ በአጋጣሚ ብቻ በሰዓት 3600 ሐሰተኛ ጥንዶች ይመዘገባሉ። ጨረሩን እጥፍ ማድረግ እውነተኞቹን እጥፍ፣ ሐሰተኞቹን ግን አራት እጥፍ ያደርጋል። የሚያድነው የኢነርጂ ድምር ነው፦ ድምሩ 20 ያልሆነ ጥንድ ሁሉ ይጣላል።

በ2018 የእስራኤልና የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የስንጥቆችን ምስል ከሞላ ጎደል ያለ ባዕድ ቆጠራ አግኝተዋል። አንዱ ፎቶን በናሙናው በኩል ያልፋል፤ ሌላው ናሙናውን ሳይነካ መረጃውን ያሟላል።

ይህ ለጨረር ስሱ ለሆኑ ናሙናዎች ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን አጋሩ ሳይቆጠር የቀረ ፎቶን ናሙናውን ጎድቶ መረጃ ሳይሰጥ ያልፋል። አንዱ መንትያ ሲቆጠር ሌላው የመቆጠር ዕድሉ 0.1 ከሆነ፣ የቆጠራው ቫሪያንስ ከተራው ጨረር የሚቀንሰው በ10 በመቶ ብቻ ነው፤ 0.9 ሲደርስ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ በፎቶኖቹ መንገድ ላይ ያለውን አየር በሂሊየም መተካትና የዲቴክተሮቹን ስፋት መጨመር፣ ጨረሩን ከማጠንከር ሊቀድሙ የሚገባቸው ሥራዎች ይመስሉኛል።