ማማ እህል ይጠብቅ፣ ሰው አይጣል

ማማ ምን እንደ ሆነ ለገበሬ አይነገርም። ማማ ላይ የተቀመጠ ሰው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ወንጭፉም ሩቅ ይደርስለታል። ነገር ግን ማማ እህል እንደሚያድን ሁሉ፣ በደንብ ካልተሠራ ሰው ይጥላል። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ዛሬ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ጋር የምንወያየው ስለዚህ ነው።

ሀ. ማማ ለምን ያስፈልጋል?

ፊልቱ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ቆላ ትገኛለች። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ የሚባለውን ወንዝ ይፈጥራሉ። አገሩ ይበልጡን የግመልና የከብት አገር ነው። ሆኖም በወንዝ ዳርና ዝናብ በሚያገኘው መሬት በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ በቦረናና በሊበን ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ ላለቀበት ሰው ያቺ ቁራሽ ማሳ ትልቅ ተስፋ ናት። ታዲያ እህሉ ሲያሽት ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር እንስሳ ይመጣበታል። ስለዚህ ማማ አይሠራ አንልም። በደንብ ይሠራ እንላለን።

ለ. ሰው ከማማ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ እንጨቱ ይበላሻል። በቆላ ምስጥ ብዙ ነው። ምስጥ ባላውን ከመሬት በታች ከውስጥ ይበላዋል፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። «ዓምና ችሎኝ የለም ወይ?» የሚል ሰው አለ። ዓምና የቻለው እንጨት ዘንድሮ ባዶ ሊሆን ይችላል። የከርቤ ዛፍ እንጨትም ለስላሳ ነው፤ ሰው አይሸከምም። ግራር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ማሰሪያው ይላላል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይቀጥናል። ልጥም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠፍር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይረዝማል። ስለዚህ ጥብቅ አድርገን ያሰርነው ማማ ከሳምንታት በኋላ ይወዛወዛል።

ሦስተኛ፣ አወጣጣችን ነው። አንድ እጅ ቅል፣ አንድ እጅ ጦር ይዞ የሚወጣ ሰው በምን ይይዛል?

አራተኛ፣ እንቅልፍ ነው። ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው ሌሊት ማማ ላይ ያንቀላፋል፤ ይገላበጣል።

ከ4 ሜትር፣ ማለትም ከ9 ክንድ ያህል ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። «ስወድቅ ቅርንጫፍ እይዛለሁ» ማለት ከንቱ ነው።

ሐ. ከሌሎች ምን እንማራለን?

በሰሜን አሜሪካ ቀስት ይዘው የሚያድኑ ሰዎች አሉ። አውሬው እንዳያያቸው ዛፍ ላይ የማማ ዓይነት መቀመጫ ሰቅለው ይጠብቃሉ። እነርሱም እንደኛው ይወድቃሉ። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከመሰላሉም ወደ መቀመጫው ሲሻገሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ደንብ አላቸው። ቀስታቸውን መሬት ትተው ይወጡና ኋላ በገመድ ይስቡታል። ትከሻና ጭን በሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ከመሬት ጀምረው ከዛፉ ጋር ይታሰራሉ። የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ይናገራሉ።

እንዲህ ያለው ማሰሪያ እኛ ዘንድ የለም። ወገብን ብቻ በገመድ ማሰርም አያስተማምንም፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ሆዱና ደረቱ ተጨምቆ ትንፋሽ ያጥረዋል። የቀሩትን ሁለቱን ደንቦች ግን ያለ ገንዘብ ልናደርጋቸው እንችላለን።

መ. ምን እናድርግ?

1. ማማውን ከሚያስፈልገው በላይ አናስረዝም። እህሉን አሻግሮ ካሳየ ይበቃል።
2. በየዓመቱ ከመውጣታችን በፊት ባላውን እንነቅንቅ፤ ሥሩን ቆፈር አድርገን ምስጥ እንዳለ እንይ። ማሰሪያውን እናጥብቅ፤ ዝናብ ከጣለም በኋላ እንደገና እንይ።
3. በርብራቡ ዙሪያ እስከ ወገብ የሚደርስ መከታ እንሥራ።
4. ስንወጣ እጃችን ባዶ ይሁን። ምን ጊዜም ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ መሰላሉን ይያዙ። ውኃውንና ጦሩን ኋላ በገመድ እንሳብ።
5. ሕፃን ልጅ ብቻውን ማማ ላይ አይደር። አዋቂዎችም በተራ እንጠብቅ፤ እንቅልፍ የመጣበት ይውረድ።
6. መብረቅ ሲያጉረመርም ከማማና ከረጅም ዛፍ ሥር እንራቅ።

ሠ. ሰው ቢወድቅስ?

ሰው ሲወድቅ ሁላችንም ሮጠን ብድግ እናደርገዋለን። ይህ ከደግነት የመጣ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሰረሰሩ የተሰበረ ሰው ሲቀመጥ ወይም ሲጎተት በውስጡ ያለው ነርቭ ሊቆረጥ ይችላል። እግሩ ሊድን ይችል የነበረው ሰው ዕድሜ ልኩን ሽባ ይሆናል።

ስለዚህ ባለበት ይተኛ። ጣቶቹን ያንቀሳቅስ እንደ ሆነ እንጠይቀው። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን እንያዝ። ራሱን ከሳተ ምግብም ውኃም አንስጠው። ካስመለሰው ራሱንና ጀርባውን አንድ ላይ ይዘን ወደ ጎን እናዙረው። ቃሬዛ ሠርተን ብዙ ሆነን እኩል እናንሣው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰደው።

የተሰበረ እግር ግራና ቀኝ እንጨት አድርገን በጨርቅ እንሰር፤ ግን አናጥብቅ። ወጌሻ እናከብራለን። ቢሆንም የተሰበረ አጥንት አይታሽም። ከታሰረም በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ቶሎ ይላላ። ያለዚያ ደም አጥቶ ይሞትና እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

«አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ማማውን የምንፈትሸው ዛሬ፣ መሬት ቆመን ነው።

ጥያቄዎች

1. ላዩ ደህና የሚመስል ባላ ለምን ይሰበራል?
2. ጠፍር ዝናብ ሲነካው ምን ይሆናል?
3. የወደቀን ሰው ብድግ ማድረግ የማይገባው ለምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ ያሉትን ማማዎች ተሰብስባችሁ እዩ። የትኛው መጠገን አለበት? የየባለቤቱን ስም በደብተራችሁ ጻፉ።