ፓስተር ሲመረጥ ለምን ድምፅ ተከለከልሁ?

ጥያቄ፦ ያደግሁት በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ በአንዲት የሉተራን ማኅበረ ምእመናን ሦስት ዓመት አምልኬአለሁ። በቅርቡ ፓስተር ሲመረጥ ግን ድምፅ መስጠት አትችልም ተባልሁ። እንደ እንግዳ ነው የምታየኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስምዎ ምናልባት በአባላት መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ማኅበረ ምእመናኗ በአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሥር ከሆነች፣ ደንቧ የተጠመቀን አባል፣ እምነቱን ያጸናን አባልና ድምፅ ሰጪን አባል ለይቶ ያስቀምጣል። ድምፅ ለመስጠት እምነቱን ያጸና አባል መሆን፣ በያዝነው ወይም ባለፈው ዓመት እዚያው ቅዱስ ቁርባን መቀበልና በስም የተመዘገበ መባ መስጠት ያስፈልጋል።

የመባው መጠን አልተወሰነም። ስም ሳይጻፍበት የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ግን በመዝገብ አይታይም። በስውር መስጠትን ለተማረ ሰው ይህ እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ቢሆንም የመባው ፖስታ ላይ ስምዎን ይጻፉ።

በአባልነት ለመመዝገብ ካሳደገችዎት ማኅበረ ምእመናን የአባልነት መሸኛ ደብዳቤ ያስልኩ። ካልተገኘም እምነትዎን መስክረው መቀላቀል ይችላሉ። ፓስተር ለመጥራት ከተገኙት ድምፅ ሰጪዎች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለበት፤ በውክልናም ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ በትንሽ ጉባኤ ውስጥ የእርስዎ አንድ ድምፅ ብዙ ይመዝናል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረዎት ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። አዲስ መጪን ስለ ደንቡ ማስረዳት የአገልጋዮቹ ኃላፊነት ነው። ከሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤ በፊት የደንቡን ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው ያንብቡ።