በሮማውያን አኃዝ መደመርና መቀነስ

የሮማውያን አኃዝ በሰዓት ፊት፣ በመጻሕፍት ምዕራፍ፣ በነገሥታት ስምና በሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ላይ ዘወትር የሚታይ ነው። ብዙ ሰው ምልክቶቹን ለይቶ ያነባቸዋል፤ ነገር ግን «ሁለቱን ደምር» ወይም «አንዱን ከሌላው ቀንስ» ቢባል፣ ወደ ተለመደው አኃዝ ሳይገለብጥ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ያስባል። ይሁን እንጂ ሮማውያን ያንን ታላቅ መንግሥት ሲያስተዳድሩ ግብር የሰበሰቡት፣ ለወታደር ደመወዝ የከፈሉትና መንገድ የለኩት በዚሁ አኃዝ እየመዘገቡ ነው። መደመሩም መቀነሱም ደንብ አለው፤ ደንቡም ገንዘብ መዘርዘር ለሚያውቅ ሰው ሁሉ አይከብድም።

ነገሩ ለጥበብ ያህል ብቻ የሚማሩት አይደለም። በኤርትራ የኢጣልያ አገዛዝ ዘመን፣ በኢትዮጵያም ከ1936 እስከ 1941 በነበሩት የወረራ ዓመታት (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ብዙ የመንግሥት ጽሑፎች በፋሽስት ዘመን አቆጣጠር በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ ዓመት ይዘዋል። እንዲህ ያለው ወረቀት የቤት ወይም የመሬት ጕዳይ ሲነሣ ከሣጥን ወጥቶ በጸሐፊ ፊት ይቀርባል። አንዲት ጭረት በስሕተት ብትነበብ ዓመቱ ይለወጣል፤ ዓመቱ ሲለወጥ ደግሞ የቀደመው ኋለኛ፣ የኋለኛውም ቀዳሚ ይሆናል።

አንደኛ፤ ሰባቱ ምልክቶች

ምልክቶቹ ሰባት የላቲን ፊደሎች ናቸው። በዚህ ትምህርት ግን እያንዳንዱ በአንድ የግዕዝ ፊደል ተተክቶ ይጻፋል።

«ኢ» 1 ነው፤ ቅርጹ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ነው።
«ቪ» 5 ነው፤ ከላይ ተከፍቶ ከታች የተጋጠመ ነው።
«ክ» 10 ነው፤ ያዘመመ መስቀል ይመስላል።
«ል» 50 ነው፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከታች ወደ ቀኝ የታጠፈ ነው።
«ሲ» 100 ነው፤ ወደ ቀኝ የተከፈተ ግማሽ ክብ ነው።
«ዲ» 500 ነው፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ወደ ቀኝ የወጣ ነው።
«ም» 1000 ነው፤ ሁለት የተያያዙ የተራራ ጫፎች ይመስላል።

ከእነዚህ መካከል ዜሮ የለም። የምልክቱም ዋጋ በቆመበት ስፍራ አይለወጥም፤ በተለመደው አኃዝ 1 እንደ ቦታው አንድ፣ ዐሥር ወይም መቶ ሲሆን፣ «ክ» ግን የትም ቢቆም ዐሥር ነው። በዚህ ረገድ ከግዕዝ አኃዝ ጋር ይቀራረባል፤ በግዕዝም ፲ ምንጊዜም ዐሥር ነው። ልዩነታቸው በብዜት ላይ ነው። ሮማዊው 300ን ለመጻፍ የመቶውን ምልክት ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ «ሲሲሲ» ይላል። የግዕዙ ጸሐፊ ግን ፫ን ከ፻ በፊት አስቀድሞ ፫፻ ብሎ ይጨርሳል።

ሁለተኛ፤ ሁለቱ የአጻጻፍ ዐይነቶች

ትልቁ ምልክት ቀድሞ ትንሹ ሲከተል ዋጋቸው ይደመራል፤ «ክቪኢ» 10 እና 5 እና 1፣ ማለት 16 ነው። ትንሹ ከትልቁ ፊት ሲቆም ግን ከትልቁ ይቀነሳል፤ «ኢቪ» 4፣ «ኢክ» 9፣ «ክል» 40፣ «ክሲ» 90፣ «ሲዲ» 400፣ «ሲም» 900 ነው።

ይህ ሁለተኛው አጻጻፍ በጥንት ጊዜ በአንድ መልክ የጸና አልነበረም። በሮም ከተማ የሚገኘው የኮሎሴዎ ቲያትር በሮች ቍጥር ተቀርጾባቸው ነበር፤ 44ኛው በር «ክልኢኢኢኢ» ተብሎ ተጽፏል። ይኸውም አርባው በመቀነስ፣ አራቱ ግን በአራት ጭረት ነው። በ9 ዓ.ም. በጀርመን አገር በተደረገው ጦርነት ለሞተው ለማርቆስ ኬሊዎስ በቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይም 18ኛው ሌጌዎን «ክኢኢክ» ተብሎ ተቀርጿል፤ ከሃያ ሁለት ሲጎድል ማለት ነው። ዛሬም በብዙ ሰዓቶች ፊት ላይ አራት የሚጻፈው በአራት ጭረት ነው።

ለሒሳብ የሚመቸው የመደመሩ አጻጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የትምህርቱ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው፤ ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት በመቀነስ የተጻፈው ሁሉ ይፈታል። «ኢቪ» ተፈትቶ «ኢኢኢኢ» ይሆናል፤ «ኢክ» ደግሞ «ቪኢኢኢኢ»፤ «ክል» «ክክክክ» ይሆናል፤ የቀሩትም እንዲሁ። ይህን የዘለለ ሰው ይስታል። ለምሳሌ «ኢክ» እና «ክኢ»፣ ማለት 9 እና 11፣ ይደመሩ ቢባል፣ ሳይፈታ ፊደሎቹን ብቻ የሰበሰበ ሰው «ክክኢኢ»፣ ማለት 22 ያገኛል፤ እውነተኛው ድምር ግን 20 ነው። በመቀነስ የቆመችውን ጭረት እንደ ትርፍ ስለ ቈጠራት በሁለት ተሳሳተ።

ሦስተኛ፤ መደመር

መደመር ማለት በአንድነት መሰብሰብና መመንዘር ነው። የምንዛሬው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። አምስት «ኢ» አንድ «ቪ» ነው፤ ሁለት «ቪ» አንድ «ክ»፤ አምስት «ክ» አንድ «ል»፤ ሁለት «ል» አንድ «ሲ»፤ አምስት «ሲ» አንድ «ዲ»፤ ሁለት «ዲ» አንድ «ም» ነው። አምስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት እያለ እስከ መጨረሻው ይወጣል።

ለምሳሌ 278 እና 146 ይደመሩ።

የመጀመሪያው «ሲሲልክክቪኢኢኢ» ነው። ሁለተኛው «ሲክልቪኢ» ነው፤ ሲፈታ «ሲክክክክቪኢ» ይሆናል።
የሁለቱ ፊደሎች በየወገናቸው ሲሰበሰቡ፦ «ሲሲሲ ል ክክክክክክ ቪቪ ኢኢኢኢ»።
ምንዛሬው ከትንሹ ይጀምራል። ጭረቶቹ አራት ስለ ሆኑ አይመነዘሩም። ሁለቱ «ቪ» አንድ «ክ» ሆነው ወደ ስድስቱ ሲጨመሩ ሰባት «ክ» ይሆናሉ።
ከሰባቱ «ክ» አምስቱ አንድ «ል» ይሆናሉ፤ ሁለት «ክ» ይቀራል።
ሁለቱ «ል» አንድ «ሲ» ይሆናሉ፤ ስለዚህ «ሲ» አራት ሆነ።
የተገኘው «ሲሲሲሲ ክክ ኢኢኢኢ» ነው፤ በአጭር አጻጻፍ «ሲዲክክኢቪ»፣ ማለት 424።

አንባቢው ልብ ሊል የሚገባው፣ በተለመደው አኃዝ «ያዝኩ» የሚባለው ነገር እዚህ በዐይን የሚታይ መሆኑን ነው። የሚያዘው ነገር በአሳብ ብቻ አይቀመጥም፤ ምልክቱ ራሱ ተለውጦ ወደ ላይኛው ወገን ይገባል።

አራተኛ፤ መቀነስ

መቀነስ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሁለቱም በኩል ያሉት ተመሳሳይ ምልክቶች ይሰረዛሉ፤ የሚሰረዝ ሲታጣ ትልቁ ምልክት ይዘረዘራል። ባለሱቅ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ የመቶ ብሩን ኖት በሁለት ኀምሳ፣ ኀምሳውንም በአምስት ዐሥር እንደሚዘረዝረው ነው።

ለምሳሌ ከ203 ላይ 67 ይቀነስ። «ሲሲኢኢኢ» ሲቀነስ «ልክቪኢኢ»።

ከሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ጭረት ይሰረዛል። የቀረው «ሲሲኢ» ሲቀነስ «ልክቪ» ነው።
«ል» ከላይኛው ስለ ሌለ፣ አንዱ «ሲ» በሁለት «ል» ይዘረዘራል፤ አንዱ «ል» ይሰረዛል። ቀሪው «ሲልኢ» ሲቀነስ «ክቪ» ነው።
«ል» በአምስት «ክ» ይዘረዘራል፤ አንዱ «ክ» ይሰረዛል። ቀሪው «ሲክክክክኢ» ሲቀነስ «ቪ» ነው።
አንዱ «ክ» በሁለት «ቪ» ይዘረዘራል፤ አንዱ «ቪ» ይሰረዛል።
የመጨረሻው ቀሪ «ሲክክክቪኢ»፣ ማለት 136 ነው።

ለማረጋገጥ ቀሪው ከተቀነሰው ጋር ይደመራል። 136 እና 67 ሲሰበሰቡ «ሲ ል ክክክክ ቪቪ ኢኢኢ» ይሆናል፤ ሲመነዘርም ተመልሶ «ሲሲኢኢኢ» ይሰጣል። ድምሩ ካልተመለሰ አንድ ምልክት ጠፍቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተሰርዟል።

አምስተኛ፤ የአሮጌ ጽሑፍ ዘመን ስለ ማውጣት

የፋሽስት ዘመን አቆጣጠር የሚጀምረው ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ነው፤ ዓመቱም የሚለወጠው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ለተጻፈ ጽሑፍ በላዩ ባለው ቍጥር ላይ 1922 ይደመራል፤ በኖቬምበርና በዴሴምበር ለተጻፈው ግን 1921 ይደመራል።

በጁን ወር «ክኢቪ» ዓመት የተጻፈ ወረቀት ቢቀርብ፣ 1922 «ምሲምክክኢኢ» ነው። ሁለቱም ተፈትተው ሲሰበሰቡ «ም ዲ ሲሲሲሲ ክክክ ኢኢኢኢኢኢ» ይሆናል። አምስቱ ጭረቶች «ቪ» ሲሆኑ «ምሲምክክክቪኢ»፣ ማለት 1936 ተገኘ። ወሩ ኖቬምበር ቢሆን ግን ዓመቱ 1935 ነበር። ደግሞም «ክኢቪ» እና «ክቪኢ» ፊደላቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 14፣ ሁለተኛው 16 ነው። ስለዚህ አንባቢው ፊደሎቹን ብቻ ሳይሆን ተራቸውንም መመርመር ይገባዋል። የውል ርዝመት ሲፈለግም ሥራው መቀነስ ነው፤ ከ«ክኢኢኢ» እስከ «ክኢክ»፣ ማለት ከ13 እስከ 19፣ «ቪኢ»፣ ማለት 6 ዓመት ነው።

ስድስተኛ፤ ማስላትና መመዝገብ

ሮማውያን ረዥም ሒሳብ ሲሠሩ በጽሑፍ አይደክሙም ነበር። ጠጠር በሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሱ ያሰሉ ነበር፤ በላቲን ጠጠር «ካልኩሉስ» ይባላል፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች ማስላት የሚባለውም ቃል ከዚህ ወጥቷል። ከነሐስ የተሠራው ትንሹ የሮማውያን መቍጠሪያ በአብዛኞቹ መስመሮች ከታች አራት፣ ከላይ አንድ እንክብል ነበረው፤ የላይኛው እንደ አምስት ይቈጠራል። ይህ ከ«ኢ» እና ከ«ቪ» ሥርዓት ጋር አንድ ነው። ሰሌዳው ለማስላት፣ ጽሑፉ ውጤቱን ለማቈየት ያገለግል ነበር ማለት ነው።

የፒዛው ሊዮናርዶ በ1202 ስለ ሒሳብ በጻፈው መጽሐፍ የሕንድን አኃዝ ለአውሮፓ ሰዎች ሲያስተምር፣ ማስላትና መጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙበት መንገድ ተከፈተ። ነገር ግን በ1299 የፍሎሬንስ የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባሎቹ በሒሳብ መዝገባቸው በአዲሱ አኃዝ እንዳይጽፉ ከለከለ። አዲሱ አኃዝ ለማስላት ፈጣን ቢሆንም ለመለወጥም ቀላል ነው፤ 0 በአንድ ጭረት 6 ወይም 9 ይሆናል። የሮማውያንን አኃዝ የሚጽፉ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች ደግሞ የመጨረሻዋን «ኢ» ወደ ታች አስረዝመው ይጽፉ ነበር፤ ከእርስዋ በኋላ ሌላ ጭረት ቢጨመር ወዲያው ይታወቃልና።

ዛሬ በደረሰኝና በቼክ ላይ የገንዘቡ ልክ በአኃዝ ከተጻፈ በኋላ በፊደልም የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በአኃዝ የተጻፈው ለማስላት፣ በፊደል የተጻፈው ለመጠበቅ ነው። የሕዝብ ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ጸሐፊ ሁለቱን ሳያስተያይ ማኅተም ሊያደርግ አይገባውም።

መልመጃ

1. «ክክኢክ» እና «ክኢቪ» ይደመሩ።
2. ከ«ሲ» ላይ «ክክክቪኢኢ» ይቀነስ።
3. በዴሴምበር ወር በፋሽስት ዘመን «ክቪኢ» ዓመት የተጻፈ ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

መልስ፤ 1. «ክልኢኢኢ»፣ 43። 2. «ልክኢኢኢ»፣ 63። 3. 1937።