ጫማችሁን አውልቁና በአንድ እግር ቁሙ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ጃፓናዊው የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ተወዳዳሪ ዩዙሩ ሃንዩ ኦሳካ ላይ ሲለማመድ አራት ዙር የሚዞርበትን የሉትዝ ዝላይ ሞከረና ወደቀ። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተጎዳ፤ ከዝላይ የሚያርፈው ደግሞ በዚያው እግሩ ነው። ኦሎምፒኩ ሦስት ወር ቀርቶታል። ሁለት ወር ያህል በረዶ ሳይረግጥ ከረመ፤ በፌብሩዋሪ 2018 ፒዮንግቻንግ ሄዶ ወርቁን በድጋሚ ወሰደ። በወንዶች ነጠላ ውድድር ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከአሜሪካዊው ዲክ በተን ወዲህ አልታየም ነበር፤ የበተን ድሎች የ1948 እና የ1952 ናቸው።

በተጎዳ እግር ዝለሉ እያልኩ አይደለም፤ እሱን ሐኪም ይወስነው። በረዶ ያልረገጣችሁበት ቀን የባከነ እንዳይመስላችሁ ግን እፈልጋለሁ።

እስቲ ዝላዩን አስቡት። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በ2022 በውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳካው አክስል በተባለ ዝላይ አየር ላይ አራት ዙር ተኩል ይዞራል፤ ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ከዚያ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ብረት ላይ፣ በአንድ እግር፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚሸከመው ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ይህን ጉልበት ወለል ላይ ያላጠራቀመ ሰው በረዶው ላይ አያገኘውም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የስኬቲንግ ጫማ ግትር ነው፤ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ስለሚይዝ በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች እንደልብ አይሠሩም። እነሱን የምታነቁት በባዶ እግር ነው። በአንድ እግር ቁሙና 30 ሰከንድ ቆዩ። ቀላል ከሆነላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ያኔ ቁርጭምጭሚታችሁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታያላችሁ። አትፈሩት፣ እየሠራ ነው! ሲለምድላችሁ ትራስ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩት። ቀጥሎ በአንድ እግር ቀስ ብላችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በዚያው እግር ተነሡ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ በእግር ጣቶቻችሁ አቅጣጫ ይሂድ።

ሰውነታችሁን ካሟሟቃችሁ በኋላ የማረፍ ልምምድ ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ስፖርት ጫማ አድርጋችሁ ትንሽ ዝለሉና በአንድ እግር እረፉ፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ደረት ቀና ብሎ፣ ክንዶች ተዘርግተው፣ ሌላው እግር ወደ ኋላ ተወርውሮ። አሁን እንደ ሐውልት ቀጥ በሉ። ሦስት ሰከንድ መቆየት ካቃታችሁ ዝላዩን ዝቅ አድርጉት እንጂ ዙር አትጨምሩ። ፕላንክና ገመድ ዝላይም አይቅሩ። ወገቡ የላላ ሰው ክንዱን ቢሰበስብም አየር ላይ ቀጥ ብሎ አይዞርም።

ልጆቻችሁን ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ ገና ሳይነጋ ወደ በረዶ ሜዳ የምታመላልሱ ወላጆች፣ የበረዶው ሰዓት በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሳሎናችሁ ግን በነጻ ነው። አዲስ ብረትና የሚያብረቀርቅ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ በባዶ እግሩ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም እዩለት። (እናንተም አብራችሁ ቁሙ፤ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እናያለን።)

ሁላችንም የምንተማመንበት እግር አለን፤ ልምምዱንም በእሱ መጀመር እንወዳለን። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ጥርሳችሁን ስትቦርሹ በደካማው እግራችሁ ቁሙ። ነገም በእሱ ጀምሩ።