መጀመሪያ እግርሽ ይቁጠር

ልጄ፣ ጣትሽ ፈጣን ነው፤ ጆሮሽም አይታማም። ኖታ ፊትሽ ሲዘረጋ የምትደነግጪው ድምፁ ጠፍቶሽ ሳይሆን ምቱ ጠፍቶሽ ነው። ስለዚህ ይህችን ምክር ያዥ።

1. መሣሪያሽን አስቀምጪ። አዲስ ኖታ ስታገኚ በእግርሽ ምቱን እየረገጥሽ፣ በአፍሽ እየቆጠርሽ አጨብጭቢው። አፍሽ ያልቆጠረውን ጣትሽ አይጫወተውም።

2. ደምሪ። በ4/4 ሙሉ ኖታ 4 ምት፣ ግማሽ ኖታ 2፣ ሩብ ኖታ 1፣ ስምንተኛ ኖታ ደግሞ ግማሽ ምት ይይዛል። በአንድ ባር ውስጥ አንድ ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛና አንድ ግማሽ ኖታ ካለ «አንድ፣ ሁለት እና፣ ሦስት አራት» ብለሽ ቁጠሪ። «አራት» ላይ አታጨበጭቢም፤ የ«ሦስት» ድምፅ ገና አላለቀምና። ድምሩ 4 ካልሞላ ተመልሰሽ አንብቢ።

3. ነጥቧን አትናቂ። ከጎኑ ነጥብ ያለው ኖታ የራሱን ግማሽ ይጨምራል፤ ሩቡ 1 ተኩል ምት ይሆናል። ሩቡ «አንድ» ላይ ከጀመረ፣ ተከትሎት የሚመጣው ስምንተኛ የሚያርፈው ከ«ሁለት» ቀጥሎ ባለው «እና» ላይ ነው። ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው።

4. ዝምታውንም ቁጠሪ። ባንድ ውስጥ ያለቦታው ቀድሞ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ እረፍቱን ሳይቆጥር የዘለለ ነው።

5. የችክችካን ምት ስድስት ጊዜ አትርገጪ። በ6/8 ስለሚጻፍ ስድስቱንም እኩል የሚጫን ሰው ዘፈኑን ያስነክሰዋል። እግርሽ በባሩ ውስጥ ሁለቴ ብቻ ይውረድ፤ በእያንዳንዱ እርግጫ ውስጥ ሦስት ስምንተኛ ይግባ፦ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት»። ሠርግ ላይ ስታጨበጭቢ መቼ ስድስት ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ነው።

6. ሜትሮኖምን አትሽሺ። ከ60 ጀምሪ፤ በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። ሳትደናቀፊ ስትጨርሺ ወደ 66 ከፍ አድርጊው። ስትለምጂው ደግሞ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሰሽ፣ ድምፁ በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ ብቻ እንደሚመታ አድርገሽ ተጫወቺ። ያኔ 1ኛውንና 3ኛውን የምትይዢው ራስሽ ነሽ፤ ምት ውስጥሽ መግባቱም የሚለየው በዚህ ነው።

7. ስትሳሳቺ አትቁሚ። ኖታው ቢያመልጥሽም እግርሽ ይቀጥል፤ በሚቀጥለው ባር «አንድ» ላይ ግቢ። የተሳሳተች አንዲት ድምፅ ወዲያው ትረሳለች፤ የጠፋ ምት ግን ድራመሩንም ዘፋኙንም ይዞ ይወድቃል።