ፍርድ ያለው ድርሰት፤ ለመግቢያ ፈተና የአስተያየት ጽሑፍ ስለ ማዘጋጀት



በዚህ ዓመት ከመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የሚፈጽሙ በርካቶች ስለ ጂ.አር.ኢ. ፈተና፣ በተለይም ስለ ድርሰቱ ክፍል ደጋግመው ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ቆሜ ከምናገር ይልቅ የማውቀውን ጥቂት ነገር በዚህች ጽሑፍ ማቅረብን መረጥሁ። እኔ ፈተናውን ሁለት ጊዜ የተፈተንሁ፣ በመጀመሪያውም ያፈርሁ ተማሪ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም። ስለዚህ ትምህርቱን የምጀምረው ከስሕተቴ ነው።

ሀ. ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ጂ.አር.ኢ. በተለይ በአሜሪካ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚፈተኑት ፈተና ነው። የሚያዘጋጀውም ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ዛሬ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ይህን ፈተና ማስገደድ ትተዋል፤ ሌሎች ግን አሁንም ይጠይቃሉ። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ክፍል ፈተናውን ይፈልገው እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የድርሰቱ ክፍል በፈተናው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ብዙ ዓመት ሁለት ድርሰቶች ይጻፉ ነበር። አንዱ የራስን አስተያየት የሚያስጽፍ፣ ሁለተኛው የሌላ ሰው መከራከሪያ የሚያስመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ግን ሁለተኛው ቀርቶ የአስተያየቱ ድርሰት ብቻ ቀርቷል። ለእርሱም የተሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 6 ሲሆን በግማሽ በግማሽ ይቈጠራል። ድርሰቱን አንድ የሠለጠነ አራሚ ያነበዋል፤ ኢ-ሬተር የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ይመዝነዋል። የሁለቱ ነጥብ በጣም ከተራራቀ ሌላ አራሚ ይጨመራል። የሚጻፍበት ኮምፒዩተር የፊደል ስሕተት አያርምም፤ ነገር ግን አራሚዎቹ በችኮላ የተጻፈ የመጀመሪያ ረቂቅ መሆኑን ስለሚያውቁ ለጥቂት የፊደል ግድፈት ብለው ጥሩ ሐሳብ አይጥሉም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። አንድ አከራካሪ አባባል ይቀርብላችኋል፤ ትስማሙ ወይም አትስማሙ እንደ ሆነ ምክንያታችሁን እየሰጣችሁ ትጽፋላችሁ። «ትክክለኛ» ተብሎ የተወሰነ አቋም ግን የለም። ብትደግፉትም ብትቃወሙትም ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት ይቻላል። የሚመዘነው ወደዚያ አቋም የደረሳችሁበት መንገድ ነው።

ለ. የእኔ ስሕተት

የፈተናው ክፍያ በዶላር የሚከፈል ስለሆነ ለእንደ እኛ ዓይነት ቤተሰብ ቀላል አይደለም። የእኔን የመጀመሪያ ክፍያ አባቴ እቁብ በደረሳቸው ጊዜ ነው የሰጡኝ። እኔም እንዳላሳፍራቸው ብዬ በአንድ ማስጠኛ ቤት የተሰጠኝን ድርሰት ቃል በቃል አጠናሁ። ያ ድርሰት ለማንኛውም ጥያቄ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፤ ሁሉም ነገር ጥቅምም ጉዳትም አለው» ይልና፣ መካከል ላይ «በአንድ ጥናት እንደ ተረጋገጠው ይህን ያህል ከመቶ» ለሚል ቃል ክፍት ቦታ ይተዋል። ቍጥሩን ተፈታኙ ከራሱ ያስገባል። እኔም አስገባሁ። ማንም ያላጠናውን ጥናት ጽፌ ከፈተናው ወጣሁ።

ያገኘሁት 3 ነበር። ሒሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ድርሰቱ አንገቴን አስደፋኝ።

አባቴ በሾፌርነት ኖረው ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም። በሰፈራችን ግን ጎረቤት ከጎረቤት፣ ባል ከሚስት ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። አንድ ማታ፣ በዚያው ባጠናሁት መንገድ የጻፍሁትን መለማመጃ ይዤ ስቈዝም አዩኝና «ምን ብለህ ነው የጻፍኸው? እስቲ በአማርኛ ንገረኝ» አሉኝ። የጥያቄው አሳብ፣ «ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ከመረጡት ሙያ ውጭ ያለ ትምህርት እንዲወስዱ ማስገደድ ይገባቸዋል» የሚል ነበር። የጻፍሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ተቀበልህ፤ ፍርዱን ግን ሳትሰጥ ተነሥተህ ሄድህ። ባላጋራዎቹ ምን ይዘው ወደ ቤታቸው ይግቡ?»

በማግሥቱ እንደ ገና ጻፍሁ። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ማስገደድ ፈጽሞ ይገባል፤ የሚቃወም ሁሉ ዕውቀትን የሚጠላ ነው» እያልሁ ጮህሁ። ለአባቴም ነገርኋቸው። ሣቅ አሉና «ይኸ ደግሞ የከሳሽ ቃል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አሉኝ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁም ነገር በእነዚህ ሁለት ንግግሮች ውስጥ ይገኛል። ጠንካራ የአስተያየት ድርሰት የሚባለው መሐል ሰፋሪ የሆነው አይደለም፤ የሚጮኸውም አይደለም። ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ገልጾ፣ ፍርዱ እስከ የት እንደሚደርስ ወስኖ የሚፈርድ ነው።

ሐ. ፍርዱን እንዴት እናገኘዋለን?

ከላይ የጠቀስሁትን ጥያቄ ይዘን እንሞክር። መልሱ በፈተናው ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገሩ ግልጽ እንዲሆን እዚህ በአማርኛ እናየዋለን።

በመጀመሪያ ደጋፊውን እንስማ። በእናቴ አገር የእጅ ፓምፕ ያለው የውኃ ጉድጓድ ተቈፍሮ ነበር። ጥልቀቱም፣ የውኃው መጠንም በሚገባ የተሰላ ነበር። የተተከለው ግን ከብት በሚዋልበት ሜዳ ማዶ ሴቶች በማይሄዱበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ አክስቶቼ እስከ ዛሬ ውኃ የሚቀዱት ከድሮው ምንጭ ነው። ባለሙያው ስለ ውኃው አጥንቷል፤ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነና በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልጠየቀም። ስለ ሰው ኑሮ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቢወስድ ኖሮ ይህን ጥያቄ መጠየቅ በተማረ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ተቃዋሚውን እንስማ፤ እርሱንም በደካማ ጎኑ ሳይሆን በብርቱ ጎኑ እንያዘው። ተቃዋሚው «ዕውቀት አያስፈልግም» የሚል ሰው አይደለም። «ልጄ ተመርቆ ታናናሾቹን እንዲረዳ የምጠብቅ ድኃ ነኝ፤ የሚጨመርበት እያንዳንዱ ዓመት ለእኔ ዕዳ ነው» የሚል አባት ነው። ይህ እውነተኛ አቤቱታ ነው። በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ከእነዚህም ውስጥ ሎጂክ፣ ሥነ ልቡናና አንትሮፖሎጂ ሲገኙ፣ በየቤቱ የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር።

ሁለቱን ከሰማን በኋላ ፍርዱ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ በሦስተኛው ጊዜ የጻፍሁት እንዲህ ነው፦ «ሥራቸው ከሰው ኑሮ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሙያዎችን የሚማሩ ሁሉ ስለ ሰውና ስለ ኅብረተሰብ የሚያስተምር ትምህርት እንዲወስዱ ማስገደድ ይገባል፤ ነገር ግን ትምህርቶቹ ጥቂትና የተመረጡ ሊሆኑ፣ የምረቃውንም ጊዜ ሊያራዝሙ አይገባም።»

ልብ በሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር አቋም አለው፤ ማንም አንብቦ «ጸሐፊው ምን ይላል?» ብሎ አይጠይቅም። ደግሞም ድንበር አለው፤ የድኃውን አባት አቤቱታ ሰምቶ መልስ ሰጥቶበታል። «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ከሚለው የሚለየው፣ ሁለቱን ወገኖች ከመዘርዘር አልፎ የቱ በየት ቦታ እንደሚያሸንፍ መወሰኑ ነው። ለአባቴ ስነግራቸው «አሁን ይግባኝ ቢጠየቅበት እንኳ መልስ አለው» አሉኝ።

መ. ፍርዱ ከፊት ይቅደም

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። በሽምግልና ፍርድ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገርም ማሰሪያውን የሚያመጣው በመጨረሻ ነው። ከዚህ ልማድ የተነሣ ብዙዎቻችን ስንጽፍ አንባቢውን ረጅም መንገድ አዙረን ሐሳባችንን በመጨረሻው አንቀጽ እንነግረዋለን። 30 ደቂቃው ካለቀብን ደግሞ ሳንነግረው እንቀራለን። በዚህ ፈተና ግን ፍርዱ በመጀመሪያው አንቀጽ ይነገር፤ ምክንያቱ ይከተል።

«ታዲያ ሳይሰሙ መፍረድ አይሆንም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይሆንም፤ ባላጋራዎቹን የምንሰማው ከመጻፋችን በፊት ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እንዲህ ብትከፍሉት መልካም ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ምንም ድርሰት ሳትጽፉ ሁለቱን ወገኖች ስሙ፤ ፍርዳችሁንም በአንድ ዓረፍተ ነገር በመጻፊያ ወረቀታችሁ ላይ አስፍሩ። በእንግሊዝኛ እምቢ ካላችሁ በአማርኛ አስቡት፤ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ገና አልፈረዳችሁም ማለት ነው። ቀጥሎ ባሉት 20 ደቂቃዎች ጻፉ። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች አንብባችሁ አርሙ።

የድርሰቱም አካሄድ ይህን ሊመስል ይችላል፦

1. ፍርዱ ከነድንበሩ።
2. ዋናው ምክንያት፣ ከአንድ በሚገባ ከተብራራ ምሳሌ ጋር።
3. ሁለተኛው ምክንያት፣ የመጀመሪያውን የሚደግም ሳይሆን ሌላ ጎኑን የሚያሳይ።
4. የተቃዋሚው ብርቱ ነጥብና የእናንተ መልስ።
5. አጭር መደምደሚያ።

ከጥያቄው ሥር የሚመጣውንም ትእዛዝ በጥንቃቄ አንብቡ። አንዳንዱ ትእዛዝ አባባሉ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ሁኔታ እንድታሳዩ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ የሚያስከትለውን ውጤት እንድትመረምሩ፣ ሌላው ደግሞ አቋማችሁን ለሚቃወም መልስ እንድትሰጡ ይጠይቃል። ያልተጠየቀውን አሳምሮ መመለስ ነጥብ ያስቀንሳል።

ሠ. ስለ ምስክሮቻችን

ምሳሌ ማለት ለፍርዳችን የምናቆመው ምስክር ነው። እኔ በመጀመሪያው ፈተና ያቆምሁት ምስክር ሐሰተኛ ነበር። ስለ ሐሰት ምስክር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር ያደግን ልጆች፣ በእንግሊዝኛና በኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ጨዋታ ይመስለናል። «አራሚው አያጣራውም» የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔንም ስለዚያ ቍጥር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ግን ያንን ቍጥር ለአባቴ በአማርኛ ስናገር «ማን ቈጠረው?» አሉኝ፤ የምመልሰውም አጣሁ።

ከዚያም ሌላ፣ የተሸመደደ ድርሰት ጥቅሙም አጭር ነው። የፈተናው አዘጋጆች ድርሰቶችን እርስ በርስ የሚያመሳክር ፕሮግራም አላቸው፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ከልክ በላይ የሚመሳሰል ሆኖ ከተገኘ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ የምታውቁትን እውነተኛ ነገር ጻፉ። የአክስታችሁ ምንጭ፣ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት፣ በክፍል የተማራችሁት የታሪክ ክስተት፣ ሁሉም ምስክር ለመሆን ይበቃል። አንዱን ምሳሌ በስድስትና በሰባት ዓረፍተ ነገር አብራርታችሁ ከፍርዱ ጋር ብታገናኙት አምስት ስሞች ከመደርደር ይሻላል።

እኔ በሁለተኛው ፈተና 4.5 አግኝቻለሁ። ከሁሉ የሚበልጥ ውጤት አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ድርሰት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነበር። እኛ ወጣቶች በታላላቆች ፊት ሐሳባችንን ቈጠብ ማድረግን ተምረን አድገናል፤ ይህ መልካም ጨዋነት ነው። ሐሳብ ሳይኖረን መቅረት ግን ጨዋነት አይደለም። ፈተናውን ባትፈተኑ እንኳ ሁለት ወገን ሰምቶ መፍረድን መለማመድ በቤትም በሥራም ይጠቅማችኋል።

ረ. መልመጃ

ከዚህ በታች ካሉት አንዱን መርጣችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ፍርዳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያም የተቃዋሚውን ከሁሉ የበረታ ነጥብ በሥሩ አስፍሩ።

1. ወጣቶች ሙያ ሲመርጡ ከፍላጎታቸው ይልቅ አገራቸው የሚያስፈልጋትን ማስቀደም ይገባቸዋል።
2. ሽማግሌ በልምድ ያወቀው ነገር ወጣት ከመጽሐፍ ካገኘው ይበልጣል።
3. የመንግሥት ገንዘብ ሲያጥር ከቅርስ ጥበቃ ይልቅ ትምህርት ቤት መሥራት መቅደም አለበት።

የጻፋችሁትንም ፈተናውን ለማያውቅ አንድ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ፣ በአማርኛ አንብቡላቸው። «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?» ወይም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ከጠየቋችሁ ሥራው ገና አላለቀም። በሚመጣው እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ተለዋውጠን እያነበብን እንተራረማለን።

ቸር ያገናኘን።