ነቀዙ ከየት ገባ?

ጓዳ ውስጥ ነቀዝ ሲታይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በቤቱ ንጽሕና ላይ ነው። ባለቤቷ እንግዳ ሳያይ ትደብቀዋለች፣ መደርደሪያው በበረኪና ይታጠባል፣ ፍሊት ይነፋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነቀዙ እንደገና ብቅ ሲል ደግሞ ጣት ወደ ጎረቤት ይቀሰራል። ይህ ሁሉ ድካም የሚባክነው መነሻው ስለተሳተ ነው። እህል በል ነፍሳት ከቆሻሻ አይፈጠሩም። ከማሳው፣ ከነጋዴው መጋዘን ወይም ከወፍጮ ቤቱ ጀምረው እህሉ ውስጥ ተሸሽገው፣ አብረው ተመዝነውና ተከፍሎባቸው በበር ይገባሉ። ስለዚህ ትግሉ መጀመር ያለበት እህሉ ቤት በገባ ቀን ነው፤ ነቀዙ በታየ ቀን የሚጀመር ትግል ቢያንስ አንድ ወር ዘግይቷል።

የአንድ ወሩን ነገር ለመረዳት የበቆሎና የስንዴ ነቀዝን አኗኗር ማየት ይበቃል። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጥቁር ቡናማ፣ ፊቱ ላይ ኩምቢ የመሰለ ረጅም አፍ ያለው ነው። እንስቷ በዚያ አፍ ፍሬውን ትበሳና አንድ እንቁላል ጥላ ቀዳዳውን ከራሷ በሚወጣ ሙጫ ትደፍነዋለች። ከዚያ በኋላ ያ ፍሬ በዓይን ከደህናው አይለይም። እጩ ተፈልፍሎ ውስጥ ውስጡን እየበላ የሚያድገው እዚያው ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከሆነ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቀዳዳ አበጅቶ ይወጣል። እንግዲህ ዛሬ ሰፌድ ላይ ሲሄድ የተያዘው ነቀዝ እንቁላሉ የተጣለው እህሉ ከመገዛቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ርቢው ከሞላ ጎደል ይቆማል። ደብረ ብርሃን ላይ ወራት የሚቆይ ስንዴ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ የሚነቅዘው ለዚህ ነው፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ቁም ሳጥንም ለእህል የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጓዳ የሚገባው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማንነቱን በአብዛኛው የሚናገረው የሚበላው ነገር ነው። ሽምብራና ባቄላ ላይ የሚወጣው አጭርና ድቡልቡል ጥንዚዛ ኩምቢ የለውም። የሽምብራው ጥንዚዛ እንቁላሉን የሚለጥፈው ቆዳው ላይ ነው፤ አንድ ጭብጥ ሽምብራ ብርሃን ላይ አገላብጦ ላየ ሰው የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትታየዋለች። ለመውጣት የተቃረበው ደግሞ ቆዳውን ከውስጥ ፍቆ ያሳሳው ክብ፣ ጠቆር ያለ መስኮት አለው። ከወጣ በኋላ ምግብ ሳይሻ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሞታል፤ ጥፋቱን የጨረሰው በእጭነቱ ነው። ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ጥንዚዛ ሌላ ነው። ደህና ፍሬ መብሳት ስለማይችል በዱቄት፣ በተሰበረ እህልና ሌላው በስቶ በተወው ፍርፋሪ ይኖራል፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ሲበዛ ዱቄቱን የሚያከረፋውም ከሰውነቱ የሚወጣ ኬሚካል ነው። በሶው ወይም ዱቄቱ በድር ተያይዞ ከተገኘ የትንሽ የእሳት ራት እጭ ገብቷል ማለት ነው። በርበሬስ ማቃጠሉ ያድነዋል? አያድነውም። የትምባሆ ጥንዚዛ የምትባለው ክብ ቡናማ ነፍሳት በርበሬና ቅመም ትበላለች፤ ወደ ዋሽንግተንም ሆነ ወደ ሮም በሻንጣ የሚላክ በርበሬ እሷን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጤፍ ሳይፈጭ ከዚህ ሁሉ በእጅጉ ይድናል፤ ፍሬው እጭ አሳድጎ ለማውጣት አይበቃም። ከተፈጨ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ዱቄት ነው።

«እናቶቻችን አስጥተውና ነፍተው ኖረዋል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ማስጣት እርጥበት ይቀንሳል፣ የደረቀ እህል ደግሞ ለነቀዝ አይመችም፤ እስከዚህ ድረስ እናቶች ልክ ናቸው። ነገር ግን ሰሌን ላይ የተሰጣ እህል ሲሞቅ የሚሸሸው እግር ያለው ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው እጭ ይቀራል። ወንፊትም የሚያስቀረው የሚታየውን ነው፤ የዱቄት ጥንዚዛ እንቁላል ዱቄት ስለሚለብስ ከዓይንም ከወንፊትም ያመልጣል። የእናቶችን ዘዴ ትንሽ ማሻሻል ግን ይቻላል። ከታች ጥቁር ፕላስቲክ ተዘርግቶ፣ ሽምብራው በስሱ ተሰጥቶ፣ ከላይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ለብሶ ጠርዙ በድንጋይ ከታፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ እህሉ 57 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም እጩም ያልቃሉ። ፍሪዘር ያለው ቤት ነገሩ ይቀለዋል፦ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ክኩ በትንንሽ ከረጢት ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን ይቆይ። ሲወጣ ግን እስኪለዝብ ድረስ ከረጢቱ አይከፈት፤ አለዚያ ጤዛ ይዞ ይሻግታል።

ከተገደለ በኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው አየር የማያስገባ ዕቃ ነው። ስስ ፌስታል አይሆንም፤ ነቀዝ ይበሳዋል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባልዲ ወይም ጀሪካን እስከ አፉ ከተሞላ፣ የተረፈ ነፍሳት ቢኖር እንኳ ያለችውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ሲያፍን የኖረው ይህንኑ ተጠቅሞ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ መሰል እህል የሠሩት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከዚያ የተለየ ምስጢር የለውም፤ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ እህሉ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እህል ከታፈነ ነቀዙ ቢሞትም ሻጋታው ይወርሰዋል። ትንሽ ሽምብራ ለሚያስቀምጥ ደግሞ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት በደንብ ማሸት ይረዳል፤ ዘይቱ ቆዳው ላይ ያለውን እንቁላል ያፍነዋል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከቸኮለ ሰው ነው፦ ኪኒኑ በጥቂት ቀን ይጨርሰው የለም ወይ? ይጨርሰዋል። የነቀዝ ኪኒን ተብሎ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ ሳይቀር ይገድላል። ከመርጨት ይልቅ የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። ፍሬ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ጋዝ በበር ስርና በግድግዳ ስንጥቅ ማለፍ አይሳነውም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የተሠራው ሰው ለማያድርበት መጋዘንና ለሠለጠነ ባለሙያ ነው። ጓዳው ከመኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ በሚለይበት ቤት አንድ ኪኒን እንኳ ቦታ የለውም፤ በዚህ ላይ «ትንሽ ብቻ» የሚለው ድርድር አያዋጣም።

የነቀዘው ይጣል ወይስ ይበላ? ጥቂት የተበሳ ስንዴ ውኃ ውስጥ ሲደረግ የተቦረቦረው ይንሳፈፋል፤ እሱ ተገፎ የቀረው ታጥቦና ደርቆ ቢፈጭ ጉዳት የለውም። የከረፋ ዱቄት ግን ቢጋገርም ሽታው አይለቅም። የሻገተ እህል ለዶሮም አይሰጥ፤ የሻጋታው መርዝ በእሳት ተሟጦ አይጠፋም። ባዶው ዕቃ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ የመደርደሪያው ስንጥቅ በሹል እንጨት ተጠርጎ ዱቄቱ ይውጣ። አዲስ ሽሮ በአሮጌው ተረፍ ላይ አይገልበጥ፤ አብዛኛው ጓዳ ዳግም የሚወረረው ዕቃው ስር ከቀረችው ከዚያች አንድ ማንኪያ ነው።